የሉማሜ ቄጠማ

ወንዛ ጨፌ ሞቷል፤ ሂዊ ደግሞ "ደህና ነው" ብላ ጽፋ ፈርማለች። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጨፌው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ከሁለት ጉብታዎች መሐል የተኛ ረግረግ ነው። ከበላዩ ወንዛ ማርያም አለች፤ ከበታቹ የድንችና የሽንኩርት ማሳ ነው፤ ግራና ቀኙን ባሕር ዛፍ ይዞታል። ከቤተ ክርስቲያኗ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ጨፌው ውስጥ ይገባና እዚያው ሰርጎ፣ ተጣርቶ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በጋውን ከብቱ የሚጠጣውም፣ የታችኛው መንደር የሚቀዳውም ይህንኑ ነው። ባለፈው ጥቅምት የወረዳው ቢሮ ሂዊን በኮንትራት ቀጥሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ጨፌው የመስኖ ሞተር ይችላል ወይስ አይችልም? ሂዊ አየች፣ ለካች፣ "ይችላል" አለች።

ለሥራው የምታንስ ሰው አልነበረችም። ሁለተኛ ዲግሪዋን የሠራችው ሞምባሳ አጠገብ ባለ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ተቀምጣ፣ የባሕር ዳርቻ በሰው እጅ እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ በማጥናት ነው። እዚያ አንድን ሽማግሌ፣ ልጁንና የልጅ ልጁን ለየብቻ አስቀምጣ "ባሕሩ ሙሉ የነበረው መቼ ነው?" ብላ ጠይቃለች። ሽማግሌው የጎረምሳነቱን ዘመን ነገራት። ልጁ የራሱን ነገራት። የልጅ ልጁ ደግሞ "ዛሬ ምን ጎደለው?" አላት። ሦስቱም አልዋሹም። ሁሉም ዓይኑን ሲከፍት ያገኘውን ባሕር ሙሉ ነው ብሎ ይዟል። በዚህ መሐል በዳርቻው፣ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ይበቅል የነበረው የማንግሮቭ ደን ተቆርጦ ከሰል ሆኗል፣ የባሕሩ ሣር ከወንዝ በሚመጣ ጭቃ ታፍኗል፣ ትልልቁ ዓሣ አልቆ ትንንሹ እየተያዘ ነው። ገበያው ግን በየቀኑ ይሞላል። ፕሮፌሰሯ ቁጡ ኬንያዊት ነበሩ፤ ሂዊን ገበያው መሐል አቁመው፣ "ዓሣ አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ። ጀልባው የት ድረስ ሄዶ አመጣው ብለሽ ጠይቂ" አሏት። ሂዊ ይህን አንድ ምዕራፍ አድርጋ ጽፋዋለች፤ ጥሩ ውጤትም አግኝታበታለች።

አገሯ ስትገባ አልጠየቀችም። ረሳችው ማለት አይቻልም፤ ወንዛ ላይ የሚጠየቅ ነገር መሆኑ አልታያትም እንጂ። ቀዳም ሥዑር ጠዋት ወንዛ ማርያም ቄጠማ ታድላለች፣ ሕዝቡ በራሱ ላይ ያስራል፣ ቄጠማው ከጨፌው ነው። ይህን ለማወቅ ወንዛ መወለድ በቂ ነው። በጥቅምት ስትሄድ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጨፌው ዳር ዳሩን በሣር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት። መሐሉ ውሃው ጥልቅ ስለነበር ናሙና የወሰደችው ከዳሩ ብቻ ነው። መሐሉ ላይ ቄጠማ እንደሌለ አይታ ጠየቀች፤ "ለመስቀል ታጭዶ ነው" አሏት፤ አመነች። "ደብሩ በየዓመቱ ለትንሣኤ ያጭዳል፤ በየዓመቱ የሚታጨድ በየዓመቱ ይበቅላል" ብላም ጻፈች። እንዲህ ያለውን ስህተት ከሌላ አገር የመጣ ሰው አይሠራውም። የወንዛ ልጅ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ ከሥልጠና ስትመለስ አውቶቡሱ ማርቆስ ከመድረሱ በፊት ሉማሜ ከተማ ላይ ለሻይ ቆመ። ሂዊ ብርጭቆዋን ይዛ ሻይ ቤቱ በር ላይ ሳለች ከመንገዱ ማዶ አንድ ሚኒባስ ጣሪያው ላይ ቄጠማ ሲጫንበት አየች። እስር እስር የሆነ፣ ውሃው ገና የሚንጠባጠብ፣ ሥሩ ነጭ የሆነ ለጋ ቄጠማ ነው። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ሆኖ ይቀበላል፤ ከታች አንድ ነጭ የጠመጠሙ ሰው ጋቢያቸው ርሶ ያቀብላሉ። ዞር ሲሉ ቄሰ ገበዝ አለበል ሆነው ተገኙ። የወንዛ ማርያም ዕቃ ሁሉ፣ ከመጎናጸፊያው እስከ ቄጠማው፣ ኃላፊነቱ የእሳቸው ነው።

ሂዊ ብርጭቆውን አስቀምጣ መንገዱን ተሻገረች። በልማድ መስቀል ለመሳለም ጎንበስ ስትል ቄሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ሕማማት ነው እኮ! ፈረንጅ አገር ይህንንም አስረሳሽ?"

"ኬንያ ፈረንጅ አገር አይደለም፣ አባ። ይሄ ምንድን ነው?"

"ቄጠማ።"

"እሱንማ አየሁት። ለማን ነው?"

"ለማን ይሆናል? ለቅዳሜ ነዋ።" ቄሱ ቀና ብለው ረዳቱን ተቆጡ። "አንተ! ጠበቅ አድርገህ እሰረው። አምና ግማሹን ለመንገዱ አድለኸው ገባህ።"

"አምናም?" አለች ሂዊ።

ቄሱ ምላሳቸውን ነከሱ። ክርስትና ስትነሳ የነበሩ ሰው ስለሆኑ በዓለም ስሟ ጠርተዋት አያውቁም። "ወለተ ጊዮርጊስ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ።"

"በጥቅምት ጠይቄዎት ነበር እኮ።"

"የጠየቅሽኝማ ዘንድሮም ታድላላችሁ ወይ ብለሽ ነው። እናድላለን አልሁሽ። ዋሸሁ?"

"ከወንዛ እንደሚመስለኝ ያውቁ ነበር።"

"ሕዝቡስ ከወንዛ መስሎት አይደል? አንቺ ብቻ ነሽ የተታለልሽ?" አሉና መልሰው በራሳቸው አባባል አፈሩ። አንድ እስር አንስተው ሳያቀብሉት ያዙት። "አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። በሐሙስ ማጭድ ይዤ ብወርድ መሐሉ ባዶ ነው። ለዚህ ዓመት ብቻ ብዬ ከዚህ አስጫንሁ። ለከርሞ ይመለሳል አልሁ። አልተመለሰም። ታዲያ ምን ላድርግ? ሕዝቡ ቅዳሜን ባዶ ራሱን ይዋል?"

"ስንት ዓመት ሆነው?"

"ምኑን እቆጥረዋለሁ። ከዚያ ከበሽታው ዘመን በፊት ነው።"

ቄጠማውን ያመጣችው ማንጠግቦሽ የምትባል የሉማሜ ሴት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ጭቃዋን ከእግሯ እየፋቀች ትሰማለች። "ለከርሞ ሌላ ሰው ይፈልጉ፣ አባ" አለች ድንገት። "አምና እዚሁ ከመንገዱ ዳር ነበር የማጭደው። ዘንድሮ ይኼን ለማግኘት ገደሉን ቁልቁል ወርጄ ነው። ያም ሊያልቅ ነው።"

ሂዊ ቆማ ማንጠግቦሽን አየቻት። ጀልባው ሉማሜ ደርሷል፤ ከሉማሜም አልፎ ገደል ወርዷል። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር እዚህ አፍንጫዋ ሥር ነበር። የተናደደችው በራሷ ላይ ነው፤ ንዴቱ ግን እንደ ልማዷ ፊት ለፊቷ ወዳለው ሰው ሄደ።

"ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ሞተሩ ሊፈረም ነው፣ አባ። በእኔ ወረቀት ነው የሚፈረመው።"

"እሱን እኔም ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ዝም ሊሉ ነበር?"

"አንቺ የተማርሽው ደህና ነው ስትይ እኔ ምን ብዬ ልነሳ? የዘጋሁትን ጉድ በራሴ አፍ ልክፈት?"

የአውቶቡሱ ሹፌር ጡሩንባውን ነፋ። ሂዊ ሻይዋን ሳትጨርስ ተሳፈረች።

ቤቷ ዕቃዋን ጥላ፣ ጭቃ የምታወጣበትን የብረት ቱቦ ይዛ ወንዛ ወረደች። ቦቲ ጫማ አላስፈለጋትም። በጥቅምት ወገብ ይውጥ የነበረውን መሐሉን በሸራ ጫማዋ ሄደችበት። መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ሰርዶ ገብቶበታል። ቱቦውን በድንጋይ እየመታች አስገብታ ስታወጣው ከላይ ቀይ አፈር፣ ከሥር ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ። ጥቁሩ ውስጥ የቄጠማ ሥር ድርብርብ ብሎ ተኝቷል፤ በጣት ሲነኩት እንደ አሮጌ ትምባሆ ይፈርሳል። ቦታ እየለዋወጠች ደጋገመችው። የትም ያው ነው። ጥቁሩ ቱቦው እስከሚደርስበት ድረስ አያልቅም፤ ስንት ትውልድ ያሰረው ቄጠማ ሥር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ቀዩ አፈር ግን ጉብታዎቹ ከታረሱ ወዲህ በጎርፍ የወረደ ነው። ከሂዊ ዕድሜ ያንሳል። በቀዩ ውስጥ የቄጠማ ሥር የለም፤ ያለው ከግራና ከቀኝ ውሃ ፍለጋ የመጣ የባሕር ዛፍ ሥር ነው።

ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ ሄደች። እዚያ፣ ውሃው ከድንጋዩ በሚወጣበት ሥር፣ የአንድ ሰሌን ያህል ቦታ ላይ ቄጠማ አገኘች። ቁመቱ አጭር ነው፣ ከብት ግጦታል፣ ግን ከሥሩ ነጭ ቡቃያ አለው። ከጎኑ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል። ሞተሩ የሚቆምበት ቦታ ምልክት ነው።

"እታለም! ለፋሲካ ጭቃ ልትጋግሪ ነው?"

ታናሽ ወንድሟ ምስጋናው ከታች እየወጣ ነው። ሞተሩን የሚያስገቡት ወጣቶች ሊቀ መንበር እሱ ነው። አዲስ የውሃ ጎማ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አድርጓል። ሂዊ ቱቦውን አሳየችው፤ ምን እንዳየች፣ ሉማሜ ምን እንዳገኘች ነገረችው። ምስጋናው ጎማውን ሳያወርድ ሰማት።

"ሞተሩ እኮ ማርቆስ ደርሷል" አለ። "ከበዓል ማግስት ይመጣል። ድንቹ ውሃ ካላገኘ ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ቅዳሜ ምን ልትይ ነው?"

"ያየሁትን።"

"ያየሽውንማ በጥቅምት ብለሽ ጨርሰሻል።"

"በጥቅምት በደንብ አላየሁም።"

"እኔ በአንቺ አለማየት ልጠማ ነው?" አለና ቁልቁል ወደ ማሳው ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት ቄጠማው ታደለ። ቄሰ ገበዝ አለበል ለእያንዳንዱ ሰው ሲሰጡ ዓይናቸውን አላነሱም፤ ሂዊ ጋ ሲደርሱ ከሌላው ወፈር ያለ እስር ሰጧት። አሰረችው። ቄጠማው ምን አጠፋ? ከዚያ ሕዝቡ ቅጥሩ ውስጥ ባለው የሰበካ ጉባኤ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰው የሚገኘው ዛሬ ነው ተብሎ ስብሰባው የተጠራው ለዛሬ ነው። ቆርቆሮው ይግላል፤ ግማሹ ሰው አክፋይ ስለሆነ ከትናንት ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰም፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ቶሎ ተፈራርሞ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ የቢሮው ኃላፊ አቶ የሺዋስ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ቄጠማ አስረዋል፤ ከፊታቸው ስምምነቱና የሂዊ ወረቀት ተዘርግቷል።

"ብዙ አላደክማችሁም" አሉ። "አንድ አንድ ሰው ሞተሩ ጨፌውን ያደርቀዋል ይላል። ባለሙያዋ የራሳችሁ ልጅ ናት፤ ይችላል ብላ ፈርማለች። ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ደግሞ የጎረቤቱን ራስ ይመልከት!"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያይቶ ሳቀ። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው።

ሂዊ ተነሳች። ንግግር አላዘጋጀችም፤ ማርዘምም አትወድም።

"ራሳችሁ ላይ ያለው ቄጠማ የሉማሜ ነው" አለች።

"የምን ሉማሜ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"የሉማሜ። አምናም የሉማሜ ነበር፣ ከዚያ በፊትም። ወንዛ ላይ ቄጠማ ካለቀ ቆይቷል። እኔ በጥቅምት የጻፍሁት ስህተት ነው። ዳሩን ብቻ ለክቼ፣ መሐሉን ሳልረግጠው ደህና ነው ብያለሁ። ሐሙስ ረገጥሁት። ደርቋል።"

ሁሉም ወደ ቄሰ ገበዝ ዞረ። ቄሱ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸውን እያዩ "እውነቷን ነው" አሉ።

 ቀድመው የተናገሩት እማማ እቴናት ናቸው፤ ከሐሙስ ማታ ጀምረው ያከፈሉ አሮጊት። "ከየትም ይምጣ እቴ! ከተባረከ ተባርኳል። በዚህ ባዶ ሆዴ ስለ ሉማሜ ልከራከር?" አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁ እፎይታም ነበረበት።

ምስጋናው ከወጣቶቹ መሐል ተነሳ። እህቱን አላያትም። "ጥሩ" አለ፣ "ጨፌው ሞቷል እንበል። ከሞተ ታዲያ ሞተሩ ምኑን ይገድለዋል? የሚጎዳ ነገር የለም ማለት ነው። ቢያንስ ድንቻችን ይዳን!"

ከኋላው ጭብጨባ ተሰማ። አቶ የሺዋስ ፈገግ አሉ። "ልጁ አሳጠረልን። ደህና ከሆነ ሞተሩን ይችላል፤ ከሞተም የሚቀርበት የለም። በሁለቱም በኩል ይገባል። እንፈራረም።"

ሂዊ እንዲህ ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። መጠበቅ ነበረባት። ሞምባሳ አጠገብ የመጨረሻውን የማንግሮቭ ደን የጠረገው የወደብ ሰው ያለው ቃል በቃል ይህንኑ ነው፤ በጥናቷ ውስጥም አስገብታዋለች።

"አንድ ቦታ አልሞተም" አለች። "ምንጩ ሥር አንድ ሰሌን የምታህል ቄጠማ ቀርታለች። ተመልሶ የሚበቅል ከሆነ የሚበቅለው ከእሷ ነው። ችካሉ የተተከለው እዚያው ላይ ነው። ሞተሩ የሚስበውም ያንኑ የምንጩን ዓይን ነው። ጨፌው ውሃ ይዞ ማቆየት ትቷል፤ ምንጩ ላይ ሞተር ከተቀመጠ የታችኛው መንደር በመጋቢት የሚቀዳው አይኖረውም። ስለዚህ ፊርማዬን አንስቻለሁ።"

"ፊርማ እንደ ጫማ አይወልቅም፣ ሂዊ" አሉ አቶ የሺዋስ።

ሂዊ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። እስክርቢቶውን ከፊታቸው አንስታ ስሟን ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው፤ ቀንም ጻፈችበት።

"ወለቀ" አለች።

አቶ የሺዋስ ወረቀቱን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ያለ ባለሙያ ፊርማ ሞተር እንደማይገባ ታውቂያለሽ። ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ እንደሚያልቅስ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ሌላ ባለሙያ ያምጡ። ብቻ አሁን በበጋው ይምጣ፤ መሐሉን በጫማው ይሂድበት።"

"እታለም" አለ ምስጋናው። አሁን አያት። "ማሳዬን አይተሽዋል።"

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ዘንድሮ ድንቹ ይደርስልህ ይሆናል። ለከርሞስ? ውሃም ከሉማሜ ታስጭናለህ?"

አንዳንዱ ሳቀ። ምስጋናው አልሳቀም። ተቀመጠ፤ ፊቱን ሲያዞርባት ሂዊ አየች፤ ብታይም የተናገረችውን አልመለሰችም።

በዚህ ጊዜ ቄሰ ገበዝ አለበል ከወንበራቸው ተነሱ። ለመናገር ሳይሆን ለመሄድ የተነሱ ይመስሉ ነበር። "እኔም አንድ ነገር ልበል" አሉ። "ለከርሞ ከሉማሜ አላስመጣም። ማንጠግቦሽም ቁርጡን ነግራኛለች፤ ግን ብታገኝም አላስመጣም። ወንዛ ከሰጠ እናስራለን። ካልሰጠ ሁላችንም ባዶ ራሳችንን እንውላለን።"

ሂዊ የተናገረችው ሁሉ ያላነቃነቀው አዳራሽ በዚህ ተነቃነቀ።

"ባዶ ራሳችንን? በቀዳም ሥዑር?"

"የጎረቤት ደብር አስሮ እኛ ባዶ?"

"ምን በደልን፣ አባ?"

"ምን በደልን ትላለህ? ባሕር ዛፉን ከጨፌው አፍ የተከለው ማን ሆነና!"

"አንተ ላሞችህን ምንጩ ላይ እየነዳህ!"

"እሱን ተወው፤ ጉብታውን እስከ አናቱ ያረሰውስ?"

እማማ እቴናት እንኳ ረሃባቸውን ረስተው ቆመዋል። "ልጅ ሆኜ" እያሉ ነው፣ "ጨፌው እስከዚያ እስከ ዋርካው ነበር፤ በሬ ገብቶበት ይጠፋ ነበር።" ከጎናቸው ያለ ጎልማሳ "ኧረ እማማ፣ እስከ ዋርካው ኖሮ አያውቅም!" አላቸው። እሱ ዓይኑን ሲከፍት ያገኘው ጨፌ እዚያ አይደርስም ነበር። አቶ የሺዋስ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ቢመቱ የሚሰማቸው ጠፋ። የተሰረዘውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሂዊ ሥራዋን ጨርሳለች። ስትገባ ግድግዳው ላይ ያስደገፈችውን የብረት ቱቦ አነሳች። ችካሉ ተነቀለም አልተነቀለ፣ ቄጠማዋ ዙሪያ እሾህ ካልታጠረ የፋሲካ ከብት ይጨርሳታል፤ ፀሐዩ ሳይከር ወርዳ ማጠር አለባት። በሰዎቹ መሐል አልፋ በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ አንድ ሰው ከሁሉም በላይ ጮኾ፣ "ምን ያጨቃጭቀናል! ከባሕር ዳር ማስመጣት ይቻላል! የአጎቴ ልጅ አይሱዙ አለው!" ሲል ሰማች። ሌላው "ከባሕር ዳር ከሆነማ ይበልጥ ለጋ ነው" አለው።

ሂዊ ዞር አላለችም። ወጣችና በሩን ሳበችው፤ አልገጠመም። ከአንዱ ራስ የወደቀ ቄጠማ ደፉ ላይ ተሰንቅሮ ነበር። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ ወደ ውስጥ መልሳ አስቀመጠችው፣ ከዚያ በሩን ስባ ዘጋችው።